የገቢ አድራሻ፦ ስለ ኤምባሲና ስለ ገንዘብ ማስረጃ የተሰጠ ምላሽ

«ገንዘብ ካለ በሰማይ መንገድ አለ» የሚለው ተረት አውሮፕላን ሳይታሰብ የተተረተ ቢሆንም ዛሬ ከሁሉ አብልጦ የሚታመንበት ቦታ የቪዛ ክፍል ደጃፍ ነው። የባንክ ስቴትመንቱ የወፈረ ያልፋል፣ የሳሳ ይመለሳል ይባላል። ለዚህም ሲባል ከዘመድ ከወዳጅ ብር ተበድሮ ለሁለት ሳምንት ሒሳብ ውስጥ ማሳደር፣ ደብዳቤውን ከባንክ አጽፎ ብሩን መመለስ የተለመደ ሥራ ሆኗል። እኔም በተማሪነቴ ለአንድ ዘመዴ እንዲህ ያለ ብድር ካዋጡት አንዱ ነበርኩ። ዘመዴ ቪዛውን አላገኘም፣ ብሩ ግን በሰላም ተመልሷል።

ይህ አስተሳሰብ የተማረ ወንድምም አለው። ስለ ስደትና ስለ ቤተሰብ ማገናኘት የሚጽፉ ሰዎች የገቢ መስፈርት የመደብ ወንፊት ነው ይላሉ። በዚህ ሙግት መንግሥታት በሕግ «ድሃ አይግባ» ለማለት ስለሚያፍሩ በቁጥር ይሉታል፤ ኤምባሲውም የዚያ ቁጥር ዘበኛ ነው። የገበያው ወሬና የምሁሩ ጽሑፍ ዳኝነታቸው ቢለያይም (አንዱ ይመክራል፣ ሌላው ይከሳል) መነሻቸው አንድ ነው፤ ሁለቱም የሚለካው የገንዘቡ ብዛት እንደሆነ ያምናሉ። የእኔ ምላሽ ይህን የጋራ መነሻ ይመለከታል። ከቆንስሉ ጥያቄዎች ሁሉ የሚከብደው ገንዘቡ የት እንደሚኖር፣ በማን ወረቀት እንደሚታወቅና ሰውየው አገር ሲቀይር ተከትሎት ይሄድ እንደሆነ ነው። ይህን ጥያቄ የገቢ አድራሻ እለዋለሁ።

ለማስረዳት የምመርጠው ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚያውቁትን መንገድ ነው፤ አሜሪካ የሚኖር ወይም የአሜሪካ ዜግነት ያለው ሰው ሚስቱን ወይም ባሏን በአዲስ አበባው ኤምባሲ በኩል ሲያስመጣ የሚሞላውን አይ-864 የተባለ ፎርም። በእኛ ሰው አነጋገር «አፊዳቪት» ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የሚጀምረው ከ1882 ነው። በዚያ ዓመት የወጣው የአሜሪካ ሕግ ራሱን ማስተዳደር የማይችልና «የመንግሥት ሸክም» የሚሆን ሰው ወደብ ላይ እንዲመለስ አዘዘ። ለብዙ ዓመታት ዋሶች የሚፈርሙት ወረቀት ግን በፍርድ ቤት የማያስከስስ የቃል ኪዳን ያህል ብቻ ነበር። በ1996 የወጣው የስደተኞች ሕግ ይህን ለወጠው፤ ከ1997 መጨረሻ ጀምሮ የሚፈረመው አፊዳቪት የሚያስከስስ ውል ሆነ። ዋሱ ከመንግሥት የድህነት መስመር 125 በመቶ የሚደርስ ገቢ ማሳየት አለበት። ግዴታውም የመጣው ሰው ዜግነት እስኪያገኝ፣ ወይም 40 የሥራ ሩብ ዓመታት እስኪቆጠርለት፣ ወይም እስኪሞት፣ ወይም አሜሪካን ለቆ እስኪሄድ ይዘልቃል። ፍቺ አያፈርሰውም። ይህን የመጨረሻውን ከመፈረማቸው በፊት የሚያውቁት ጥቂቶች ናቸው።

የ2025ን ቁጥር እንውሰድ። ለሁለት ሰው ቤተሰብ የሚፈለገው በዓመት 26,437 ዶላር ነበር፤ ለሦስት ሰው 33,312። እዚህ ላይ ለመደብ ወንፊት ተሟጋቾች የሚገባቸውን ልስጥ። በፌዴራሉ ዝቅተኛ ደመወዝ፣ ከ2009 ጀምሮ ባልተነካው የሰዓት 7.25 ዶላር፣ ሙሉ ጊዜ የሚሠራ ሰው በዓመት የሚያገኘው 15,080 ነው። አትላንታ ወይም ዳላስ ያለ ወንድማችን በዚህ ደመወዝ ሚስቱን ማምጣት አይችልም። እዚህ ላይ ወንፊቱ አለ፤ ይነፋልም።

ነገር ግን ሦስት ሰዎችን ጎን ለጎን እናቁም። የፈጠርኳቸው ናቸው፤ ሒሳባቸው ግን እውነተኛ ነው።

የመጀመሪያው ዋሽንግተን ዲሲ ፓርኪንግ ውስጥ የሚሠራ ነው። ከጁላይ 2024 ጀምሮ በከተማው ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ 17.50 ዶላር ነበር። በሳምንት አርባ ሰዓት ከሠራ በዓመት 36,400 ዶላር ይሆናል። በከተማው ሕግ ከዚያ በታች ሊከፈለው የማይችል ሰው ነው፤ ያም ሆኖ ሚስቱን ብቻ ሳይሆን አንድ ልጅ ጨምሮ ማምጣት ይችላል። የደመወዝ ወረቀቱን፣ ከአሠሪው አንድ ደብዳቤና ያለፈውን ዓመት ታክስ አያይዞ ይልካል። አለቀ።

ሁለተኛው እዚያው ከተማ በራሱ መኪና ሰው የሚያመላልስ ነው። ከመጀመሪያው ሰውዬ የበለጠ ሰዓት ይሠራል፤ ቅዳሜና እሑድ አያውቅም። በ2024 በድምሩ 55,000 ዶላር አስገብቷል እንበል። 50,000 ማይል ነድቷል፤ የታክስ መሥሪያ ቤቱ በዚያ ዓመት ለእያንዳንዱ ማይል የፈቀደው ተቀናሽ 67 ሳንቲም ነው፤ 33,500 ዶላር ይቀነስለታል። በወረቀት የቀረለት 21,500 ነው። ታክስ ሠሪው አዋቂ በመሆኑ ሲደሰት ከርሟል። አፊዳቪቱ ሲመጣ ግን የሚታየው ያ የተጣራው ቁጥር ነው፤ ከመስመሩ በታች ወደቀ። ከፓርኪንግ ሠራተኛው የደኸየ አይደለም። የወደቀው ለአንዱ መሥሪያ ቤት ያሳነሰውን ለሌላው ማግዘፍ ስላልቻለ ነው።

ሦስተኛው የአሜሪካ ዜግነት ያለው መሐንዲስ ነው፤ ዱባይ ይሠራል፤ በዓመት 90,000 ዶላር ያገኛል። አዲስ አበባ ያለች ሚስቱን ይዞ ወደ አሜሪካ መመለስ ይፈልጋል። በገበያው ወሬም በምሁሩ ሙግትም ይህ ሰው ከሦስቱ አንደኛ ማለፍ አለበት። ከሦስቱ ከሁሉ የሚቸገረው እሱ ነው።

ለምን? አሜሪካ ዜጎቿን የትም ቢኖሩ ታክስ እንዲያስታውቁ ታዛለች። በውጭ አገር የተገኘን ደመወዝ ግን እስከ ተወሰነ መጠን ድረስ ከታክስ ነጻ ታደርጋለች፤ በ2024 ይህ ጣሪያ 126,500 ዶላር ነበር። ዱባይ የግል ገቢ ግብር ስለሌለ እዚያ የሚሠራ አሜሪካዊ አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ነጻነት ይጠቀማል። ውጤቱ፦ በታክስ ፎርሙ ላይ «ጠቅላላ ገቢ» በሚለው መስመር ዜሮ ይነበባል። ከፍተኛ ግብር በሚቆረጥበት አገር የሚሠራ ባልንጀራው ግን በሌላው መንገድ፣ በውጭ የከፈለውን ግብር በማቻቻል ሊስተናገድ ይችላል። ለእሱ ያው መስመር 90,000 ያሳያል። ሁለት እኩል ሀብታሞች፣ ሁለት የማይገናኙ ወረቀቶች።

ዜሮው በደመወዝ ደብዳቤ ሊብራራ ይችላል እንበል። ቀጥሎ ያለው አይቻልም። የዱባዩ ሥራ መሐንዲሱ አሜሪካ ሲገባ ይቆማል፤ ከዚያው ምንጭ የማይቀጥል ገቢ ደግሞ ለአፊዳቪቱ እንደ ገቢ አይታሰብም። ከሁሉ በላይ ያለው የመኖሪያ ጥያቄ ነው። ሕጉ ዋሱ መደበኛ መኖሪያው አሜሪካ እንዲሆን ይጠይቃል። ውጭ ያለ ሰው ወይ መኖሪያውን እንዳልለቀቀ፣ ወይ ቢዘገይ ሚስቱ በምትገባበት ቀን መልሶ እንደሚመሠርት ማሳየት አለበት፦ የቤት ኪራይ ውል፣ የባንክ ሒሳብ፣ የልጆች ትምህርት ቤት ምዝገባ፣ የሥራ ፍለጋ ደብዳቤ። ይህ ባልተሟላበት ጊዜ ተባባሪ ዋስ ማቅረብ አያድነውም። የገቢን ጉድለት የአጎት ልጅ ሊሞላው ይችላል፤ የመኖሪያን ጉድለት ግን የፎርብስ መጽሔት ባለጸጋ ቢፈርምለትም አይሞላውም።

ለዚህ ሕግ የተፈቀዱት ልዩ ሁኔታዎች ደግሞ ነገሩን የባሰ ያጋልጡታል። ለአሜሪካ መንግሥት የሚሠራ፣ አሜሪካ በስምምነት በምትሳተፍበት ዓለም አቀፍ ድርጅት የተቀጠረ፣ ወይም ለተወሰኑ የአሜሪካ ኩባንያዎች ውጭ የተላከ ሰው፣ ሰውነቱ ውጭ ቢሆንም መኖሪያው አሜሪካ እንደሆነ ይቆጠርለታል። ስለዚህ አዲስ አበባ ካዛንቺስ በሚገኝ የተባበሩት መንግሥታት ቢሮ የሚሠራ አሜሪካዊ ከመኖሪያ ጥያቄው ሊድን ይችላል፤ ከመንገዱ ማዶ የራሱን የሶፍትዌር ድርጅት ከፍቶ እጥፍ የሚያገኝ አሜሪካዊ ግን አይድንም። ልዩነታቸው ደመወዝ አይደለም። የአንዱ አሠሪ ዋሽንግተን የምታውቀው አድራሻ አለው፣ የሌላው የለውም።

እዚህ ላይ አንባቢ «ታዲያ ቤቱን ሸጦ ያሳይ» ይል ይሆናል። ንብረት ማቅረብ በእርግጥ ይቻላል። ለዜጋ ሚስት የጎደለው ገንዘብ ሦስት እጥፍ ይፈለጋል፤ ገቢው ዜሮ ተብሎ ለተቆጠረው መሐንዲስ በ2025ቱ ቁጥር 79,311 ዶላር ማለት ነው፤ ለአብዛኞቹ ሌሎች ዘመዶች አምስት እጥፍ። አዲስ አበባ ቦሌ ጥሩ ቤት ያለው ሰው ይህን ቁጥር ሰምቶ ፈገግ ሊል ይችላል። ችግሩ ንብረቱ በአንድ ዓመት ውስጥ ወደ ጥሬ ገንዘብ የሚለወጥና ከአገር የሚወጣ መሆን ያለበት መሆኑ ነው። በእኛ አገር መሬቱ በሕገ መንግሥቱ የግል አይደለም፤ ቤቱ ቢሸጥ የሚገኘው ብር ነው፤ ብሩን ወደ ዶላር ለውጦ እንዳሻው መላክ ደግሞ ለግለሰብ የተከፈተ በር አይደለም። በጁላይ 2024 መጨረሻ ብር በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ሲለቀቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። በቤቱ ላይ አንዲት ጡብ ሳትወድቅ በዶላር ሲሰላ የወረቀት ዋጋው በግማሽ ያህል ወረደ። ባለቤቱ ያን ጊዜም፣ ከዚያ በፊትም፣ ለአፊዳቪቱ እኩል የማይጠቅም ቤት ነው የነበረው፤ ገንዘቡ ከአገር መውጫ መንገድ አልነበረውም።

የእንግሊዝ ታሪክ ለተቃራኒው ወገን የተሻለ ይመቻል፤ ስለዚህ አልዘለውም። ብሪታንያ በ2012 ሚስት ወይም ባል ለማምጣት 18,600 ፓውንድ የዓመት ገቢ ጠየቀች፤ በኤፕሪል 2024 ወደ 29,000 አደረሰችው። የመደብ ወንፊት የሚለው ክስ እዚያም በብርቱ ተሰምቷል፤ ያለ ምክንያትም አልተሰማም። ግን የሕጉን ዝርዝር ስናነብ የአድራሻው ጥያቄ እዚያም ተቀምጧል። ውጭ የሚኖር እንግሊዛዊ በውጭ የሚያገኘው ደመወዝ የሚጠቅመው፣ ሲመለስ በሦስት ወር ውስጥ የሚጀምረው በቂ ክፍያ ያለው ሥራ አገሩ እንደሚጠብቀው ካሳየ ብቻ ነው። ወደዚያ የሚሄደው የትዳር ጓደኛ በአገሩ የሚያገኘው ደመወዝ ደግሞ ምንም ያህል ቢበዛ አይቆጠርም። የአዲስ አበባ ሐኪም ሆነ የናይሮቢ ባንክ ሥራ አስኪያጅ፣ በዚያ ቅጽ ላይ ገቢ የሌለው ሰው ነው። የብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በፌብሩዋሪ 2017፣ ኤም ኤም ሊባኖስ ተብሎ በሚጠራው መዝገብ፣ ቁጥሩ በራሱ ሕገ ወጥ አይደለም ብሎ ሲያበቃ ከነቀፋቸው ነገሮች አንዱ ሌሎች አስተማማኝ የገንዘብ ምንጮች ሳይታዩ መቅረታቸው ነው። ዳኞቹ ቁጥሩን አልፈው ምንጩን ጠየቁ። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በ2010 ቻክሩን በተባለው የኔዘርላንድስ ጉዳይ፣ የእያንዳንዱን ሰው ሁኔታ ሳይመረምሩ በቁጥር ብቻ መመለስን የከለከለውም በተመሳሳይ መንፈስ ነው።

ከእኛ ጉዳይ የራቀ የሚመስል፣ ግን ነገሩን ከሁሉ አጥርቶ የሚያሳይ ምሳሌ ከታይላንድ አለ። እዚያ በጡረታ የሚኖሩ የውጭ ሰዎች ፈቃድ ለማደስ በወር 65,000 ባት ገቢ ወይም 800,000 ባት የባንክ ተቀማጭ ማሳየት ይጠበቅባቸዋል። ለብዙ ዓመታት አሜሪካውያን ጡረተኞች ወደ ኤምባሲያቸው ሄደው «ይህን ያህል አገኛለሁ» ብለው ይምሉ ነበር፤ ኤምባሲው ፊርማቸውን ያረጋግጥ ነበር። ልብ በሉ፤ ፊርማውን እንጂ ገቢውን አላረጋገጠም። የታይ ባለሥልጣናት ኤምባሲዎች ገቢውን ራሱን እንዲያረጋግጡ ሲጠይቁ አሜሪካ፣ ብሪታንያና አውስትራሊያ ማድረግ አንችልም አሉ፤ ከ2019 መጀመሪያ ጀምሮ ደብዳቤው ቀረ። በምትኩ ገንዘቡ በየወሩ ከውጭ ወደ ታይላንድ ባንክ መግባቱ ታየ። በዚያ የአዲስ ዓመት ማግስት የማንም ጡረታ አልጨመረም፣ አልቀነሰም። ኤምባሲው ራሱ የዜጎቹን ገቢ እንደማያውቅ ነው የተናገረው፤ አድራሻው ከተቀየረ በኋላ መጠኑ እንደ ድሮው ነበር።

ስለ ሸንገን ቪዛ አንድ ነገር ብቻ። በኤፕሪል 2024 የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት በኢትዮጵያውያን ላይ የቪዛ ደንብ ሲያጠብቅ፣ አባል አገሮች ከሚቀርቡት ማስረጃዎች አንዳንዶቹን እንዲተዉ ይፈቅድ የነበረውን አንቀጽ ለእነሱ ለጊዜው አገደ፤ የውሳኔ ጊዜውንም ከ15 ወደ 45 ቀን አራዘመ። ምክንያቱ የኢትዮጵያውያን ድህነት አልነበረም፤ አዲስ አበባ ከአውሮፓ የሚባረሩ ዜጎቿን በመቀበል በበቂ አልተባበረችም የሚል ነበር። ቀድሞ ሰነዱ ይቅርልህ ሊባል ይችል የነበረ ነጋዴ በማግስቱ ሁሉንም ማቅረብ ነበረበት፤ ሀብቱ ያው ሆኖ። የመደብ ወንፊት የሚለው ማብራሪያ ለዚህ ቦታ የለውም።

ከባዱ ተቃውሞ ግን ይህ ነው፦ «ወረቀት ራሱ የመደብ ነገር ነው። ባለገንዘብ ወረቀት ይኖረዋል፣ ድሃ አይኖረውም፤ አንተም በሌላ ስም ያንኑ ወንፊት እየጠራህ ነው።» ብዙ ጊዜ ያሰላሰልኩት ነገር ነው። በከፊል እቀበለዋለሁ፤ አገራችን ውስጥ ግን ሁለቱ እንደዚህ አብረው አይሄዱም። በኢትዮጵያ ወረቀቱ የተሟላለት ሰው ደመወዝተኛው ነው፤ መምህሩ፣ ነርሷ፣ የመንግሥት ሠራተኛው። ግብሩ ሳይጠየቅ ከደመወዙ ይቆረጣል፤ ደብዳቤው በማግስቱ ይወጣል፤ ኪሱ ግን ባዶ ነው። መርካቶ ያለው ጅምላ ነጋዴ መጋዘን ሙሉ ዕቃ አለው፤ ለገቢዎች ያስታወቀው ግን የዚያን ጥቂት እጅ ነው፤ ቁርጥ ግብር ከፋዩ ትንሽ ነጋዴ ደግሞ ዕለታዊ ሽያጩን እንኳ ራሱ በመዝገብ አያውቀውም። ከዕቁብ የወጣው ገንዘብ ስቴትመንት ላይ ሲታይ ድንገት የወደቀ ዝናብ ይመስላል፤ ለሦስት ዓመት በየሳምንቱ የተቆጠበ መሆኑን ሰብሳቢው ብቻ ያውቃል፤ የሰብሳቢው ደብተር ደግሞ ኤምባሲ አይገባም።

ከባሕረ ሰላጤው ያለው ማስረጃ ይበልጥ ቀጭን፣ ይበልጥም ግልጽ ነው። የተባበሩት ዓረብ ኤሚሬቶች በ2009 የኩባንያ ሠራተኞች ደመወዝ በባንክ ሥርዓት እንዲከፈል የሚያስገድድ አሠራር ጀመሩ፤ የቤት ሠራተኞች ሲጀመር አልተካተቱም። ሁለት እህትማማቾችን እናስብ፤ አንዷ ሬስቶራንት ውስጥ፣ አንዷ ቪላ ውስጥ ምግብ ያበስላሉ፤ ደመወዛቸውም እኩል ነው። የመጀመሪያዋ የዓመት መዝገብ አላት። ሁለተኛዋ በእጇ የተቆጠረላት ገንዘብ ሐዋላ ሠራተኛ ጋ ደርሶ ከዚያ በስልክ ቃል ደሴ ገብቷል። መደባቸው አንድ፣ ሙያቸው አንድ፣ እናታቸው አንዲት። በየትኛውም ቆንስላ መስኮት ፊት ግን አንዷ ገቢ አላት፣ አንዷ የላትም።

ይህ ልዩነት የቃላት ጨዋታ የሚመስለው ካለ ምክሩን ይመልከት። የገበያው ወሬ ትክክል ቢሆን መድኃኒቱ ብድር ነው፤ የተማረው ሙግት ትክክል ቢሆን መድኃኒቱ ቁጥሩን ማስቀነስ ነው። መስመሩ ከ125 በመቶ ወደ 100 ቢወርድ (ወታደሮች የትዳር ጓደኛቸውንና ልጃቸውን ሲያመጡ እንደሆነው) አፊዳቪቱ ላይ 21,500 ያሳየው ሾፌር ይድናል፣ ደስ ይለኛል። መሐንዲሱ አይድንም፣ የቪላዋ አብሳይ አትድንም፣ የቦሌው ቤት አንዲት ዶላር አይጨምርም። እነዚህን የሚነካው የሚቆጠረውን የገቢ ዓይነት መቀየር ነው፦ የሚመጣውን ሰው ሙያ መመልከት፣ ከድንበር ማዶ የተሠራን ሥራ እንደ ልምድ መቁጠር፣ መዝገብ የሌለውን ሰው በሌላ ምስክር ማመን።

እስከዚያው ድረስ መሐንዲሱ የሚያደርገው የታወቀ ነው፤ ሌሎችም አድርገውታል። ከዱባይ ሥራውን ይለቃል። ከዲሲ አጠገብ ባለችው ሲልቨር ስፕሪንግ ከአንድ ጓደኛው ጋር ክፍል ይከራያል፣ ውሉን በስሙ ያደርጋል፣ የመንጃ ፈቃዱን ያድሳል። በሙያው ሥራ እስኪያገኝ አይጠብቅም፤ ዲሲ መሀል አንድ ፓርኪንግ ውስጥ በሰዓት ይቀጠራል። ከሁለት ወር በኋላ ከአለቃው የተጻፈች አንዲት ገጽ ደብዳቤና አራት የደመወዝ ወረቀት ለሚስቱ ይልክላታል፤ አዲሱ ደመወዙ የቀድሞውን ግማሽ እንኳ አይሞላም። ለቃለ መጠይቋ ያንን ይዛ ትገባለች።